ቡላ ከማጉረምረሙ በፊት

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ይህን ደብተር የያዝኩት ወድጄ አይደለም፤ የእንስሳት ሐኪሟ አስገድዳኝ ነው። ትምህርት ቤት ከለቀቅኩ ወዲህ ከመኪና ታርጋ ቁጥር በቀር የጻፍኩት ነገር ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ዕለት ውሻችን ቡላ የግራ ክንዴን ነከሰኝ፤ ነከሰኝ ከማለት ዘነጠለኝ ማለት ይሻላል። ስምንት ቦታ ተሰፋሁ። የሰፋኝ ሰውዬ ወረቀት ጻፈ፤ ወረቀቱ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ሄደና ቡላ እንደ ወንበዴ ተመዘገበ። እኔ የዚያኑ ዕለት በመርፌ ገድለው ቢገላግሉኝ ደስታውን አልችለውም ነበር። ሚስቴ ናት እግሬ ላይ የወደቀችው። «አፈር ስሆን፣ እሱን ብቻ ተውልኝ» አለች። ተውኩላት። ልቤ እንደ ምላሴ አይደለም።

ዛሬ ሐኪሟ ዘንድ ወሰድነው።

«በቀን ምን ያህል ይንቀሳቀሳል?» አለችኝ።

«ከበረንዳው እስከ ሳህኑ።»

«ከዚያስ?»

«ከሳህኑ እስከ በረንዳው።»

አልሳቀችም። «እርስዎን ሁለት ዓመት በረንዳ ላይ ቢያስቀምጡዎት ማንን ይነክሱ ነበር?» አለችኝ። ከዚያ ትእዛዟን ደረደረችው። ጠዋት ጠዋት የእግር ጉዞ፣ ግን በየቀኑ በሌላ መንገድ። አንድ ቀን ሩጫ፣ አንድ ቀን ኳስ፣ አንድ ቀን ውኃ። በዚያ ላይ የአፍንጫ ጨዋታ፤ እግሩ ብቻ ሳይሆን ጭንቅላቱም መድከም አለበት አለች። በልቶ ወዲያው አይሮጥም፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አይወጣም። ይህ ሁሉ እዚህ ደብተር ላይ ይጻፋል። ባጉረመረመ ቁጥር ደግሞ ልክ ከዚያ በፊት የሆነው ነገር ይጻፋል።

«በሐቅ ይጻፉ» አለችኝ። «ውሻ ከመሬት ተነስቶ አያጉረመርምም።»

ስድስት ሳምንት ሰጠችኝ፤ እስከ ሐምሌ 14። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ሰው ደግሞ ከነከሰ መርፌ ነው።

ስለ ቅዳሜውም ጻፍ ተብያለሁና ይኸው። ከዚያ በፊት የሆነው፦ ከሚስቴ ጋር እየተጫወትን ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

ጉዞ፣ ሠላሳ ደቂቃ። በዳቦ ቤቱ ሄደን በእንጨት መሰንጠቂያው ዞርን። እሱ ነው እኔን ያንሸራሸረኝ። እያንዳንዱን የመብራት ምሰሶ እንደ ጋዜጣ አነበበው። ማጉረምረም የለም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ኳስ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ከጋራዡ ኋላ ባለው ባዶ ቦታ። 

ባትላሜራ ነኝ፤ የተጋጨ መኪና አካል ቀጥቅጬ አቃናለሁ። ቆርቆሮ ክፉ ነገር አይደለም። ከኋላው ገብተህ፣ ቦታውን አውቀህ ስትመታው ወደ ልኩ ይመለሳል። የቀረውን ጎድጓዳ ስቱኮ ይሞላዋል፤ በላዩ ቀለም ሲነፋበት ባለቤቱ ራሱ የት ጋ እንደተመታ አያውቀውም። በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬበታለሁ።

ቀለም ቀቢያችን፣ ብሩሽ የምንለው፣ ክንዴን አየና «ምን ነካህ?» አለኝ።

«ውሻ።»

«የማን?»

«የራሴ።»

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነው የማውቀው። ያንተው የሚነክሰው ምን አይቶ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። መዶሻዬን ግን ጣቴ እስኪነጣ ጨብጬው ኖሯል።

ማጉረምረም፦ አንድ፣ ማታ እራት ላይ። ከዚያ በፊት የሆነው፦ ጨው ለማንሳት እጄን ሰነዘርኩ።

እሁድ፣ ሰኔ 9

ጥሩ ቀን ነበር። መጨረሻው ባይበላሽ።

የአፍንጫ ጨዋታውን ጀመርን። መጀመሪያ ብስኩት በጫማ ሳጥን ስር፤ አምስት ሳጥን፣ አንዱ ብቻ ብስኩት ያለው። በሦስተኛው ዙር ገባው። ቀጥሎ በሐኪሟ ምክር የሰው ፍለጋ ሞከርን። የሚስቴን ሻሽ አስሸተትኩት፣ እሷ ተደበቀች፣ «ፈልግ» አልኩት። ሲያገኛት እንዳይጮህ አስተማርኩት፤ በሩ ላይ ተኝቶ አገጩን እግሩ ላይ ያሳርፋል፤ አገኘሁ ማለቱ ነው። ይህን ምልክት ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በግማሽ ቀን ነው የተማረው፤ እኔ ማባዛት ለመማር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ቁም ሳጥን ውስጥ ተደበቀች፤ ሄዶ ተኛ። አልጋ ስር ገባች፤ ሄዶ ተኛ። ከአልጋው ስር አቧራ ተሸፍና ስትወጣ ሳቀች። ከዓመት ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። እንዴት እንደምትስቅ ረስቼው ነበር፤ አፍንጫዋ ትንሽ ይሸበሸባል።

ቀጥሎ እኔ ተደበቅኩ፤ መታጠቢያ ቤት፣ በሩ ኋላ። እግሬ እስኪደነዝዝ ቆምኩ። ማንም አልመጣም። ስወጣ ውሻው ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጎ ተኝቷል፣ እሷ ጆሮውን ታሻሻለች፣ ገና ፈገግታዋ አልጠፋም። «አልፈልግ አለ እኮ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደሜ ፈላ። በገዛ ቤቴ መሳቂያ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ተነጋገርን።

ማጉረምረም፦ ሁለት። ከዚያ በፊት የሆነው፦ ሻሿን ስመልስላት።

ሰኞ፣ ሰኔ 10

ሥራ በዛ። ጉዞ አሥር ደቂቃ ብቻ። ሚስቴ ጉንጯን በፓውደር ሞልታዋለች። «ስቱኮ ነው?» አልኳት፣ ቀልዴን። ቀልድ አይገባትም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

ዝናብ። ስለዚህ ደረጃ፤ አራት ፎቅ ሦስት ጊዜ ወጥተን ወረድን። ለእሱ ጨዋታ ነው፣ ለእኔ የልብ ድካም።

የላይኛው ፎቅ እትዬ በራቸውን ከፍተው አዩን። «ልጄ፣ ይህ ውሻ ማታ ማታ የሚጮኸው ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። እንቅስቃሴ አንሶት ነው፣ ሐኪም አዝዞለት እያሯሯጥኩት ነው አልኳቸው። «ደግ አደረግክ» አሉና በሩን ሊዘጉ ሲሉ «ግድግዳው ስስ ነው እኮ» አሉኝ። ስለ ግድግዳ ማን ጠየቃቸው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይኸው ነው።

ማጉረምረም፦ አንድ። ከዚያ በፊት የሆነው፦ አምፖል ልቀይር እጄን ወደ ላይ አነሳሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

በየቀኑ አዲስ መንገድ። ከተማዋን እንደዚህ አላውቃትም ነበር። የመቃብር ቦታውን አጥር፣ የባቡሩን ድልድይ፣ አሮጌውን የሻማ ፋብሪካ ሁሉ በውሻ አፍንጫ አወቅኩት። እውነት ለመናገር ጠዋት ላይ እሱን ይዤ ስወጣ ደህና ሰው ነኝ። ማንንም አልቆጣም፣ ማንም አይቆጣኝም። በሩን ከፍቼ ስመለስ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ዓርብ፣ ሰኔ 21

ውኃ። ከከተማው ዳር ያለው ግድብ ወሰድኩት።

ዋናውን ማየት ነበር። ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ፣ ኳሷን ነክሶ፣ በኩራት። አሥር ጊዜ ወረወርኩለት፣ አሥር ጊዜ አመጣ። ሱሪዬን ጠቅልዬ እኔም ገባሁ። ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ብዬ አሰብኩ።

ልንሄድ ስንል ጠራሁት፣ አልመጣም። ደግሜ ጠራሁት። ማዶ ሁለት ሰዎች ዓሣ ያጠምዱ ነበር፤ ይሰሙኛል። ሦስተኛ ስጠራው ከውኃው ውስጥ ዝም ብሎ አየኝ። እሷም እንዲህ ነው የምታየኝ።

ገመዱ ጫፉ ላይ የብረት ማያያዣ አለው። ዳር ሲወጣ በእሱ ነው የመታሁት። አንዴ አይደለም። ጆሮው ተሰነጠቀ፣ ከፊቱ ደም ዥው አለ፣ ውኃው ቀላ። አልጮኸም፣ አልነከሰኝም። ሆዱን መሬት ላይ አጣብቆ ተኛልኝ። እኔም መምታቴን ያቆምኩት ክንዴ ሲደክመኝ ነው። ያ ያልተሰፋው፣ ደህናው ክንዴ።

እስከ መንገዱ ተሸክሜው ሄድኩ። ሠላሳ ኪሎ ይሆናል። እንባዬ ፊቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፣ እሱ ደግሞ ይልሰኛል። እጄ ይቆረጥ። እንደዚህ ብዬ ስንት ጊዜ እንደማልኩ እኔው አውቃለሁ፤ እጄ ግን ይኸው ሳይቆረጥ አለ።

ለሚስቴ አጥር ቧጨረው አልኳት። ቁስሉን አየች፣ ገመዱን አየች፣ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

ማጉረምረም የለም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 25

ብሩሽን መታሁት።

የመኪና በር እየቀጠቀጥኩ ነበር። መጥቶ አጠገቤ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሚስትህን ገበያ አየኋት፤ በዚህ ደመና ጥቁር መነጽር አድርጋለች» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። መንጋጋው ሲሰበር ድምፁ ከቆርቆሮ ይለያል፤ እንደ ደረቅ ዳቦ ነው። የቀለም ጣሳው ላይ ወደቀ፣ ነጭ ቀለምና ደም ተደባለቀ። ሲወስዱት ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ነበር።

የጋራዡ ባለቤት ሁለት ሳምንት አትምጣ አለኝ። «ለምን መታኸው?» ሲለኝ መሣሪያዬን ሰበሰብኩ። እንደ ሐኪሟ ቢሆን ከዚያ በፊት የሆነውን ጻፍ ትለኝ ነበር። ከዚያ በፊት የሆነው፦ አንድ ሰው ስለ ሚስቴ መነጽር ነገረኝ። ይኸው ነው። ሲጻፍ እኮ ምንም አይመስልም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 27

ቤት ነኝ። እሷ ትሰፋለች፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ቡላን ሦስት ሰዓት አሯሯጥኩት። የደከመ ውሻ አያጉረመርምም ብዬ ነው። ምላሱ ወጥቶ ሲወድቅ ተመለስን።

ማጉረምረም፦ ሦስት። ከዚያ በፊት የሆነው፦ መስኮት ዘጋሁ። የስፌት መኪናውን አስቆምኩ። ሦስተኛውን ረሳሁት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 1

የግማሽ ጊዜ ምርመራ አልፎን ስለነበር ሐኪሟ አስጠራችን። ሦስታችንም ሄድን። ጆሮውን አየች። «አጥር ነው» አልኳት። «አጥሩ ማያያዣ ነበረው?» አለችኝ። 

ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዳስሮጥኩት ስነግራት ይህ ሕክምና ሳይሆን ቅጣት ነው አለችኝ፤ መገጣጠሚያው አብጧል። የሚያስፈልገው ለውጥና ጨዋታ፣ ከዚያም ሰላም ያለው እረፍት ነው አለች። «ሰላም» የምትለውን ቃል ስትናገር ሚስቴን ነበር የምታየው። ከዚያ እጇን ድንገት ቡላ አናት ላይ አነሳች። ጅራቱን ቆላ። የክሊኒኩ ጠራጊ ሰውዬም እጁን እንዲያነሳ አደረገች፤ መጥረጊያ እንደያዘ። ጅራቱን ቆላ።

«እስቲ እርስዎ» አለችኝ።

ትከሻዬን አሞኛል ብዬ ተውኩት።

ደብተሩን ጠየቀችኝ፤ ቤት ረሳሁት አልኩ። ኪሴ ውስጥ ነበር። ስንወጣ ሚስቴን «የጆሮውን ቁስል ማጠብ ላሳይዎት፣ ነገ ይዘውት ብቻዎን ይምጡ» አለቻት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 5

እሷ ናት ጠዋት ጠዋት የምታወጣው፤ ጉዞው ሁልጊዜ ክሊኒኩ ጋ ያበቃል። አንድ ጆሮ ለማጠብ አንድ ሰዓት ተኩል። ሐኪሟ የምትኖረው ከክሊኒኩ ጀርባ ነው አሉ፣ ቤቷና ሥራዋ በአንድ በር ይገናኛል። ሻይ ይጠጡ ይሆናል። ስለ ምን ያወራሉ?

ማጉረምረም፦ ሁለት። ከዚያ በፊት የሆነው፦ ስለ ምን ታወራላችሁ ብዬ ጠየቅኳት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 8

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሉ እንደ ዶሮ ጭረት ሆኗል።

ዘግይታ መጣች። ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆጠርኩ። ቡላን በረንዳ ላይ አወጣሁትና የመስታወቱን በር ቆለፍኩ። እንዳይረብሸን። ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም፣ በሐቅ ጻፍ ስላለችኝ ነው። 

«የት ነበርሽ?» አልኳት። «ታውቃለህ የት እንደነበርኩ» አለችኝ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ሁልጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ ነው ያሳበደኝ። ፀጉሯን ይዤ ከስፌት መኪናው ጋር አጋጨኋት፤ ግንባሯ ተተረተረ። ወደቀች። ብትነሳ ይበቃኝ ነበር። አልተነሳችም፤ ክንዶቿን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ተጠቀለለች፣ እኔም በእግሬ። ጎኗ ላይ። በረንዳው ላይ ቡላ ራሱን ከመስታወቱ ጋር ያላትማል፤ አንዴ፣ ሁለቴ። መስታወቱ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ገባ።

ሁሉም ነገር ስብርባሪና ደም ሆነ። ቀኝ እጄን ያዘው፤ መዶሻ የምይዝበትን። አጥንቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት። በቡጢ ደበደብኩት፣ ዓይኑን፣ የቆሰለ ጆሮውን። አልለቀቀም። የለቀቀው እሷ «በቃ፣ ቡላዬ» ስትለው ነው። ለእሷ ነው የለቀቀው። ሄዶ ከእኔና ከእሷ መካከል ቆመ፤ ከደረቱ መስታወት ወጥቶ ይታይ ነበር።

ሁለት ጣቴ ላይመለስ ይችላል ተብያለሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

መርፌውን ላስወጋው ወሰድኩት። ሕግ ነው፤ ሁለተኛ ነከሰ።

በእንጨት መሰንጠቂያው በኩል ሄድን። እያነከሰ ነው፣ ግን ጅራቱን ይቆላል። አዲስ መንገድ ያወጣሁት መስሎት ነው። አንዱ ምሰሶ ጋ ቆሞ አሸተተ፤ ጠበቅኩት። ለምን ጠበቅኩት?

ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ያላደረግኩት ነገር እንደሌለ ሐኪሟ ታይ ብዬ ነው፤ ጉዞው፣ ኳሱ፣ ውኃው ሁሉ ተጽፏል። ተቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። ስለ ግድቡ፣ ስለ ብሩሽ፣ ስለ ትናንቱ መጻፌን የዘነጋሁት ያኔ ነው። ገጹን ስትገልጥ እጄን ዘርግቼ ልነጥቃት ብዬ ነበር፤ የተፋሻው እጄ ግን አልጨበጠልኝም።

ስትጨርስ ቀና ብላ «ጨው» አለችኝ። «ሻሽ። አምፖል። መስኮት። ሁሉም ላይ የእርስዎ እጅ አለ።»

«ሕጉ ሁለተኛ ከነከሰ ይላል» አልኳት።

«ሕጉ ምክንያቱ ይጣራ ይላል። አጣርተው ያመጡልኝ እርስዎ ነዎት። ይህ ውሻ አልታመመም፤ አልወጋውም። እዚሁ ይቆያል።» ገጾቹን በስልኳ ፎቶ አነሳችና ደብተሩን መለሰችልኝ። የገዛ ደብተሬ መሰከረብኝ።

ቤት ስገባ የስፌት መኪናው ሽፋኑን ለብሷል። መቀሷ የለም። ሻንጣዋ የለም። ሻሿ ብቻ በሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ የጨዋታው ሻሽ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

እህቷ ጋ የለችም። እትዬ በር አልከፈቱልኝም። ከውስጥ ሆነው «ሂድ ልጄ፣ ፖሊስ ጠርቻለሁ» አሉኝ። መስታወቱን ጠረግኩ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 13

ይቅርታ ብላት ትመለሳለች። ሁልጊዜ ትመለስ ነበር። ግን የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ሊያገኛት የሚችል አንድ አውቃለሁ፤ ፍለጋ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

እሁድ፣ ሐምሌ 14

አርባ ሁለተኛው ቀን።

እሁድ ክሊኒኩ ዝግ ነው፣ ሐኪሟ ግን የታመሙትን ልታበላ በሩን ከፍታ ነበር። «ልየው ብቻ፣ ቀኑ ዛሬ ያበቃል» አልኳት። ብዙ አመነታች። ገመዱን በራሷ እጅ ይዛ አወጣችው። ደረቱ ተሰፍቷል። አየኝና አልሸሸም፣ አልቀረበኝምም።

ሻሹን ከኪሴ አወጣሁት። አፍንጫው ላይ አደረግኩለትና «ፈልግ» አልኩት፣ እሷ ነገሩ ሳይገባት በፊት። ያሰብኩት በመንገዱ በር ወጥቶ ከተማውን ሁሉ ይመራኛል ብዬ ነበር። ስንት መንገድ አሳይቼዋለሁ።

ቡላ ወደ መንገዱ በር ዞሮም አላየ። ገመዱን እየጎተተ ክፍሉን አቋረጠ፤ ወደ ውስጠኛው በር፣ ወደ ሐኪሟ ቤት ወደሚያስገባው። እዚያ ተኛ። አገጩን እግሩ ላይ አሳረፈ።

ሐኪሟ ፊቷ አመድ መሰለ።  ከበሩ ኋላ ምንም ድምፅ የለም፤ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ያለው ዓይነት ዝምታ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ቤቴ በእሱ የተሞላ ነበር። በሩ ስስ ጣውላ ነው። በእኔ ሙያ ላለ ሰው አንድ እርግጫ አይፈጅም። ቡላ ካለበት ሳይነሳ ዓይኑን ወደ እኔ አነሳ፣ ያኔ ውኃው ውስጥ ሆኖ እንዳየኝ።

ይቅርታ ልላት ነበር። ላንኳኳ ብቻ ነበር።

ሻሹን አጠገቡ መሬት ላይ አኖርኩትና ወጣሁ። በዳቦ ቤቱ በኩል ብቻዬን ተመለስኩ። የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ይህ ነው፤ የታዘዝኩትን ልሙላ።

እንቅስቃሴ፦ የአፍንጫ ጨዋታ፣ አንድ ደቂቃ አይሞላም። አገኘ።

ማጉረምረም፦ አንድ።

ከዚያ በፊት የሆነው፦ እጄን አነሳሁ።